የሱራፌል አንድ ዓመት

ፎርም የሚሞላ ሰው ከየሰፈሩ አይጠፋም። እናንተም ዘንድ አንድ ይኖራል፤ ጡረታ የወጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣበት "ኤጭ፣ አሁንስ በዛ" እያለ ውስጡ ደስ የሚለው። ኦክላንድ ውስጥ ያ ሰው እኔ ነኝ። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥቼ፣ ዕድሜዬን ፕሌዘንተን ቢሮ ውስጥ ጨርሼ፣ አሁን የሰው ስምና የሰው ልደት እየጻፍኩ እኖራለሁ። "ጋሼ መርሻ ከሞላው አይመለስም" ይባልልኛል። ይህ ሲባል ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር። ድሮ ነው ታዲያ።

ካስትሮ ቫሊ አረጋውያን የምትንከባከብ አበራሽ የምትባል ሴት አለች። ብቻዋን መጥታ፣ እህቷ ዘንድ የተወችውን ልጇን ሱራፌልን ያስመጣችው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጁ የተወለደው በጥር፣ በአስተርዮ ማርያም ማግስት ነው። የቀበሌውን የልደት ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩትም፣ ፎርሙን የሞላሁትም እኔ ነኝ።

ልጁ አደገ። አደገ ስላችሁ እንደ ሰው ልጅ እንዳይመስላችሁ፣ በር ሲገባ ጎንበስም ጠመምም ማለት ነበረበት። ሃይስኩል ሲገባ አሰልጣኙ ኮሪደር ላይ አይቶት፣ ያንን በእጅ የሚጫወቱትንና እግር ኳስ የሚሉትን ጨዋታ አስጀመረው። ላይንማን ሆነ። ላይንማን ኳስ የማይነካ ተጫዋች ነው። ሥራው ከኋላው ያለው ልጅ ኳሱን እስኪወረውር ድረስ ከፊት የሚመጣውን ግዙፍ ሁሉ በደረቱ መመከት ነው። ጭብጨባው ለወርዋሪው ነው። አበራሽ መጀመሪያ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ጋሼ፣ ለልጄ መቼ ነው ኳስ የሚሰጡት?" ብላ ጠይቃኝ ነበር።

ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ሳን ሆዜ ሄደው ሲጫወቱ ግን ሰው ሁሉ እሱን አየ። የገፋው ሁሉ ወደቀ። ከአንድ ኮሌጅ የመጣ ሰው አበራሽን ፈልጎ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ እንደሚያየው፣ እንዲህ ከተጫወተ ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሚሰጡት ነገራት። አበራሽ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆማ አለቀሰች። እኔም ትንሽ።

በጸደይ ትምህርት ቤቱ የተጫዋቾቹን ዕድሜ ሲያጣራ የሱራፌል አስራ ዘጠኝ ሆኖ ተገኘ። ክረምት ሳይገባ አስራ ዘጠኝ የሞላው አይሰለፍም፣ ሕግ ነው። እናቱ "አስራ ስምንት ነው የሞላው" ብላ ብትምል ማን ይስማት። ወረቀቱን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች።

እናንተ ታውቁታላችሁ። የኛን ዓመት ወደነሱ ስንመልስ ከመስከረም ጀምሮ እነሱ ዓመት እስኪለውጡ ሰባት እንጨምራለን፣ ከለወጡ በኋላ ስምንት። ልጅ የሚያውቀው ሂሳብ ነው። እኔ በጥር ሰባት ጨምሬያለሁ። በገዛ እጄ ልጁን አንድ ዓመት አስረጅቼዋለሁ።

ቀና ስል አበራሽ እያየችኝ ነው። "ጋሼ፣ ምናልባት ያኔ ቀበሌ ዘመኑን አሳስቼ አስጽፌው ይሆን እንዴ?"

"ሊሆን ይችላል" አልኳት።

አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኳት። ይስተካከል ቢባልም ማስተካከያው የጨዋታው ወራት ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው፤ እሷም ዜግነቷን ሳታገኝ ወረቀት መነካካት ፈራች። ሱራፌል የመጨረሻ ዓመቱን ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ፣ ማሊያውን በጂንስ ላይ ለብሶ፣ ለጓደኞቹ ውሃ እያቀበለ ጨረሰው። የኮሌጁ ሰው መጥቶ ሌላ ልጅ አይቶ ሄደ።

ትምህርቱን ጨርሶ እዚሁ አጠገባችን ኒውአርክ የዕቃ መጋዘን ሥራ ገባ። አንድ ከሰዓት መኪናው ስለተበላሸ ላመጣው ሄድኩና መንገድ ላይ ነገርኩት። አስራ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው የነገርኩት።

"አይ ኖው፣ ጋሼ" አለኝ። "ያኔውኑ ቼክ አድርጌዋለሁ። የቀበሌውን ፔፐር አይቼ ኮንቨርት አደረግኩት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ማሚ ሌላ የምትጠይቀው ሰው የላትም። እርስዎን ትረስት ታደርጋለች። ፕሊስ አይንገሯት።"

ከኋላው ሆኜ ዓመቱን ሙሉ የተከለልኩት እኔ ነበርኩ ለካ። አፈርኩ። መናገር ነበረብኝ፤ ልጁ ራሱ ለመነኝ ብዬ ግን ዝምታዬን ቀጠልኩ። እናቱ ዛሬም ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ታምናለች።

ባለፈው ሳምንት አበራሽ የዜግነት ፎርሟን ይዛ መጣች። የልጅ የትውልድ ቀን የሚለው ጋ ስንደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"እኔ ከነገርኩዎት እሳሳታለሁ ጋሼ። ከድሮው ፎርም ይገልብጡልኝ።"

መነጽሬን አወረድኩና ያንኑ ዓመት ቁጥር በቁጥር ገለበጥኩት፤ ከድሮው ጋር ካልገጠመ ችግር ያመጣባታል። ሁለቴ አመሳከርኩ። በዚህኛው አልተሳሳትኩም።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች ወረቀቱን አጣጥፋ እየያዘች። "እርስዎ ባይኖሩ ልጄን ምን አደርገው ነበር?"