ሦስት ጊዜ የተገዛ ሸክላ

አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ያልገዛ ሰው «ወደድኩ» ብሎ አያውራ! አንድ ጊዜ መግዛት ወግ ነው፤ ሁለት ጊዜ መግዛት መርሳት ነው፤ እያወቀ ሦስተኛ የሚገዛ ግን... እሱ ወይ አፍቃሪ ነው ወይ ዕብድ። እኔ የትኛው እንደሆንኩ እናንተ ፍረዱ። ባለቤቴ ከፈረደች ቆይታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲላ የምኖር የመንግሥት ጸሐፊ ነኝ። የከተማው ሰው ሁሉ ስለ ቡና ሲያወራ፣ በቡና ሲጣላ፣ በቡና ሲታረቅ፣ እኔ የጃዝ ሸክላ እሰበስባለሁ። ጃዝ ስላችሁ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ እንዳይመስላችሁ! ሙዚቀኞቹ ከሥራ በኋላ አንድ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ልምምድ የለ፣ ወረቀት የለ፣ እንደመጣላቸው ይጫወታሉ፤ ታዳሚው ይጮኻል፣ ብርጭቆ ይንኳኳል... እኔ የምሰበስበው እዚያው እንዳለ የተቀዳውን ነው። ፈረንጆቹ «ጃም ሴሽን» ይሉታል። ታዲያ እነዚሁ ፈረንጆች ያንኑ ቅጂ እየደጋገሙ ያትሙታል። በመጀመሪያው ላይ ቦታ ጠቦን ነው ብለው የቆረጡትን በሁለተኛው ይመልሳሉ፤ በሁለተኛው የዘነጉትን በሦስተኛው ይጨምራሉ። እኔ የዋሁ ደግሞ፣ ፒያሳ ያለው ሸክላ ሻጭ «ደግሞ ታተመ!» ብሎ በአውቶቡስ በላከልኝ ቁጥር እገዛለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሦስተኛው መጣ። ባለቤቴ ብርቄ ሽፋኑን ገለበጥ አድርጋ አየችው።

«ይኼ ያው የዱሮው አይደለም እንዴ?»

«እንዴት ያው ይሆናል! የመጀመሪያው ላይ ጥሩምባ ነፊው መሀል ላይ ይቆረጣል። ሁለተኛው ላይ ይጨርሳል።»

«እሺ... ሦስተኛው ላይስ?»

«ሦስተኛው ላይ... አንድ ሰው ያስላል።»

«ምን?»

«ከታዳሚዎቹ አንዱ። በፊተኞቹ ላይ ሳሉን አጥፍተውት ነበር።»

«ለሳል ብለህ ሸክላ ገዛህ? ሳል ካማረህ ጎረቤታችን በነጻ ያስልልህ የለ!»

ታሪክ ለማያውቅ ሰው ምን ይመለስለታል? ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኩ።

እርግጥ ነው፣ በቤቴ አንዲት ትንሽ ሕግ አለች። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ማጫወቻዬ ላይ ሸክላ ከተቀመጠ ማንም ትንፍሽ አይልም። ድስት አይከደንም፣ ወንበር አይጎተትም። የሸክላው ሳጥን ደግሞ ጓዳ ተቀምጧል፤ ከእኔ በቀር የሚነካው የለም። ብርቄ «ስማኝ እስቲ፣ አንድ ነገር ልንገርህ...» ስትል፣ «ሽሽሽ! ሊስል ነው!» እላታለሁ። በጣም ቀላል ሕግ ናት፤ ለማክበር የሚያስፈልገው መተንፈስ ማቆም ብቻ ነው።

አንድ ቀን ብርቄ አልጮኸችም፣ አላኮረፈችም፣ ልብሷንም አልሸከፈችም። ምን አደረገች ብትሉኝ፣ ገደብ ከተማ ላሉት አጎቷ ላከችባቸው! አጎቷ አቶ በራሶ የታወቁ የጌዴኦ ሽማግሌ ናቸው። በቀጠሮው ዕለት ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር በጧቱ አውቶቡስ መጥተው ሳሎኔ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። የብርቄ አቤቱታ አጭር ነበር፤ «ወይ ሸክላው ከዚህ ቤት ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ።»

ደነገጥኩ። ብርቄን እወዳታለሁ። ሸክላውንም... እናንተ ሰዎች፣ አታስጨርሱኝ!

የጌዴኦን ሽማግሌዎች ዳኝነት የማያውቅ ካለ ልንገረው። የመንግሥት ፍርድ ቤት ስትሄዱ ዳኛው ገና አፋችሁን ስትከፍቱ «በአጭሩ!» ይላችኋል። በሶንጎ፣ በሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ ግን ተናጋሪ አይቋረጥም። ቢያረዝም፣ ቢዋሽ፣ ከአዳም ቢጀምር፣ «ጨረስኩ» እስኪል ሌላ አፍ አይከፈትም። እኔም ብልጡ ይህችን ይዤ ተነሣሁ።

«አባቶቼ፣ የተከሰሱት ሸክላዎቹ ናቸው። ተከሳሽ ሳይሰማ ይፈረዳል?»

አቶ በራሶ ባልንጀሮቻቸውን አዩ። «አይፈረድም» አሉ። «ይናገሩ።»

በልቤ ሣቅሁ። ሦስቱን ሸክላ ተራ በተራ ሳጫውት ሽማግሌዎቹ ይሰለቻሉ፣ የገደብ አውቶቡስም ያመልጠናል ብለው ይነሣሉ... ዘዴዬ ይህ ነበር። ሊያግዘኝ ይመስል የዲላ ዝናብም ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር።

የመጀመሪያውን አስቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔ ሥራዬ ብዬ እንደዚያ ሰምቼ አላውቅም።

«ይኼ ጎርናናው ማነው?» አሉ አቶ በራሶ።

«ሳክስፎን ነው፣ አባቴ።»

«ነገር ያውቃል። ያ ቀጭኑስ?»

«ጥሩምባ ነፊው። አሁን የእሱ ተራ ነው።»

«አሃ! እሱ ነው ተበዳዩ።» ጥሩምባው አጉረመረመ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ ቀጥ! አቶ በራሶ ቀና አሉ። «ምነው ዝም አለ?»

«ቆርጠውት ነው።»

«ማነው የሚቆርጠው? ሰው ገና እየተናገረ?» በትራቸውን ከወለሉ ጋር አጋጩት። «እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም?»

እኔ ይህን ያህል ይሳካል ብዬ መች ጠበቅሁ! ቶሎ ብዬ ሁለተኛውን አስቀመጥኩ። ጥሩምባ ነፊው የልቡን ተናግሮ ሲጨርስ ሦስቱም በአንድነት «እህ!» ብለው ተነፈሱ። ሦስተኛውን ሳጫውት ያ ሳል ተሰማ።

«አይ ምስኪን» አሉ አቶ በራሶ። «ታሟል። ግን ደረቱን ይዞ ቁጭ ብሎ ሰማ። ጨዋ ሰው ነው።»

ብርቄ ጥግ ላይ ሆና ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ተሸንፋ ነው ብዬ አዘንኩላት።

ሽማግሌዎቹ በጌዴኦኛ ጥቂት ተነጋገሩና አቶ በራሶ ፍርዱን ተናገሩ። «ልጁ እውነቱን ነው። ሰው ንግግሩ ከተቆረጠ እስኪጨርስ መሰማት አለበት። ሦስት ጊዜም ይሁን። ሸክላው ከቤት አይወጣም።»

ልዘል ምንም አልቀረኝ! እጃቸውን ልስም ስነሣ ግን በበትራቸው መለሱኝ።

«ቆይ። አሁን የእሷ ተራ ነው። ጨረስኩ እስክትል አፍህን አትከፍትም፣ ከወንበርህም አትነሣም። ትምላለህ?»

«በደስታ!» አልኩና ማልኩ። አሸናፊ ሰው ለጋስ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ...

ብርቄ ነጠላዋን አስተካከለች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብላ ከሠርጋችን ጀመረች! ሙሽራው ሚዜዎቹን ትቶ የሠርግ ቤቱን ማጫወቻ ሲፈታታ እንደነበር ተናገረች። እናቷ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ «ሽሽሽ» እንዳልኳት ተናገረች። አፌን ልከፍት ስል የአቶ በራሶ በትር ተነሣ። ቀጠለች። «እሱ ወባ ይዞት ሲቃዥ ሌት ተቀን አጠገቡ ሆኜ ቅዠቱን ሰምቼዋለሁ። እኔ በጤናዬ ሁለት ቃል ስናገር ግን የሚሰማኝ የለም» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህችኛዋ አመመችኝ።

ዝናቡ በረታ።

«የዝናቡ ወቅት ከገባ ወዲህ ደግሞ» አለች ብርቄ፣ ሻይዋን ፉት ብላ፣ «የምነግረው አንዲት ነገር ነበረችኝ። ስማኝ ስለው ሽሽሽ ይለኛል። የጓዳው ጣሪያ ያፈሳል። የሚያፈሰውም ልክ የሸክላ ሳጥኑ ላይ ነው። ላነሣው ነበር፤ አትንኪ ስላለኝ አልነካሁም።»

ከወንበሬ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም።

«ቁጭ በል!»

«አባቴ፣ ሳጥኑ! ሽፋኖቹ ወረቀት ናቸ...»

«ምለሃል! ቁጭ በል! ገና አልጨረሰችም!»

ተቀመጥኩ። ጓዳ ውስጥ ጠብ... ጠብ... ይላል። ብርቄ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፣ ሻይዋን ቀስ ብላ ጨለጠችና ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«እስቲ» አለች፣ «ወደ ሠርጉ ልመለስ።»