ጋሽ አንቴና ዝም ያሉ ቀን

ቴሌቪዥን የሚያርም ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሾፌር ከሆነ ተዋናዩ ማርሽ አያያዝ አያውቅም ብሎ ይበግናል፤ ነርስ ከሆነች መርፌው የተወጋበት ቦታ አይዋጥላትም። ፊልሙ ውስጥ ሰው ቢሞት ግድ የላቸውም፣ ብቻ በደንቡ ይሙት። የዚህ ወገን ሊቀመንበር ግን በሕንፃችን ምድር ወለል የሚኖሩት ክቡር ጋሽ አንቴና ናቸው።

ጋሽ አንቴና ጡረታ የወጡ የስልክ ቴክኒሻን፣ ከዚያም በላይ አማተር ራዲዮኛ ናቸው። ፈቃድ አውጥተው፣ በገዛ መሣሪያቸው፣ ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር ስለ አየሩ ሁኔታ ያወራሉ። ከመስኮታቸው እስከ ግቢው ዛፍ በዘረጉት የአንቴና ሽቦ ላይ ካልሲ ያሰጣ ጎረቤት ወየውለት።

የቴሌቪዥን ኮሜዲ ደግሞ ራዲዮኛ ይወዳል። ሁልጊዜም ያው ነው፤ በካናቴራ የተቀመጠ፣ ጸጉሩ የቆመ፣ የጎረቤት ሐሜት ጠልፎ ሰፈር የሚያበጣብጥ ጅል። ጋሽ አንቴና ይህን ሲያዩ ከሶፋው ይነሳሉ። «ስህተት! እንዲህ አይደለም! የማውሪያውን ቁልፍ ሳይጫን እኮ ነው የሚያወራው!» አንዴ ተዋናዩ ድስት ላይ ሹካ ሰክቶ አንቴና ነው ቢል፣ ለጣቢያው አራት ገጽ ደብዳቤ ከነሥዕሉ ላኩ። መልስ ሲጠፋ «አልገባቸውም ማለት ነው» ብለው በስድስት ገጽ ደገሙላቸው።

የእኔ እንጀራ ኮሜዲ መጻፍ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ቢሮ እንደምሠራ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ እጄን ይዘው ምስጢር አወጉኝ። ባሕር ማዶ አንድ የባቡር ጣቢያ ሹም አለ፤ አሥራ ሁለት ዓመት በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሲነጋገሩ ኖረዋል። ከዓመት በፊት ድምፁ ጠፋ። ጋሼ ግን አሁንም ይጣራሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ሳሎን ገብተው ለባለቤታቸው ለእትዬ «ሰላም ብሎሻል» ይላሉ።

«ጠፋ ብዬ መናገሩ አቃተኝ። ለእሷ እንዳትነግራት፣ አደራ» አሉኝ።

ለእትዬ አልነገርኩም። ለአገር ነገርኩ። የኮሜዲውን ጽሑፍ የማስረክብበት ቀን ደርሶ ጭንቅላቴ ደርቆ ነበር፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

እሑድ ከሰዓት ጋሼ በሬን አንኳኩ። «ራዲዮኛ ያለበት ኮሜዲ ሊተላለፍ ነው አሉ። ና፣ አብረን እናርመዋለን!» ተከትያቸው ወረድኩ።

በእሳቸውና በእትዬ መሀል ተቀመጥኩ። እትዬ ኪሮሽ ይሠራሉ። ተዋናዩ ተጣራ፤ መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። ሰውየው ተነስቶ፣ ፊቱን አብርቶ፣ ሚስቱን «ሰላም ብሎሻል!» አላት። ከቴሌቪዥኑ ሳቅ ፈነዳ። ሳሎኑ ውስጥ የሳቀ አልነበረም፤ የእትዬም እጅ ቆመ።

«ስህተት በሉ ጋሼ» እያልኩ በሆዴ ለመንኩ። ማይኩን ያርሙ፣ ሽቦውን ያርሙ፣ ካናቴራውን! እሳቸው ግን ዝም። የሚታረም ነገር አላገኙበትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ሚስቲቱን አበላሽተዋታል» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ከክሩ ሳያነሱ። «እንዲህ ያለውን የማታውቅ ሚስት የት አለች? በግድግዳው እኮ ሁሉም ይሰማል።»

ጋሼ ዞረው አዩዋቸው። «ታውቂ ነበር?»

«ታዲያስ! ሰላምታውን ስታመጣልኝ ደስ ስለሚልህ ነው ዝም ያልኩት።»

የኮሜዲው ሠሪዎች ስም መውረድ ጀመረ። ጋሼ መነጽራቸውን ዳበሱ፣ አጡት። «ማን ነው የጻፈው? እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። መዋሸት እችል ነበር። የራሴን ስም አነበብኩ።

ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ተነሳሁ።

«ቁጭ በል። አደራዬን በላህ፤ እሱን እግዜር ይይልህ። ግን ደራሲው አንተ ነህ፣ ብዕሩ በእጅህ ነው። ሰውየው ያን ያህል ሲጣራ፣ አንድ ሰው አቤት እንዲለው ማድረግ ምን ያቅትህ ነበር?»

ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ለቀጣዩ ክፍል ያንን መልስ እጽፋለሁ። የባቡር ጣቢያ ሹሙ እንዴት እንደሚናገር ስለማላውቅ በየቀኑ ወርጄ እጠይቃለሁ፤ አንድ መስመር የሚበቃውን አራት ገጽ ያደረስኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አጠገባቸው መቀመጥ ስለምወድ ነው። ትናንት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በወዳጃቸው አነጋገር፣ «ዘገየሁብህ አይደል? ባለቤትህስ ደህና ናት?» አሉ።

እትዬ ከሳሎን ጮኹ፦ «ደህና ነኝ በለው!»