የጣሊያኑ አጥቂ አሳዳጊ

የሰው አገር ልጅ በቴሌቪዥን የሚያሳድግ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ መካነ ሰላም ውስጥ ገጥሞኛል። ጋሼ ይማም ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ልጁ ደግሞ ጣሊያን ውስጥ ተጠባባቂ ወንበር የሚያሞቅ ጀማሪ አጥቂ ነው። "ከሳብኝ፤ ምን እያበሉት ነው?" ይላሉ። እንዲያሰልፈው አሰልጣኙ ዘንድ ሽማግሌ ሊልኩ አስበው ነበር፤ ባሕሩ ሳይሆን እስከ ደሴ ያለው መንገድ አሳስቧቸው ተዉት።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ኳስ ማሳያው ቤት ተሰብስበን ሳለ ልጁ ተቀይሮ ገባ። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት፤ እኛ ክርስቲያኖቹም አሚን አልን። ኳሷ እግሩ ስር እንደደረሰች መብራት ጠፋ። ሁሉም እያጉረመረመ ወጣ።

"ጋሼ፣ አይሄዱም እንዴ?" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከጠፋው ቴሌቪዥን ላይ አልነቀሉም።

"ልጁ ገና እየተጫወተ ጥዬው የት እሄዳለሁ?"