ብርሃን የሚፈራው ጓደኛዬ

የጥንት ካሜራ የሚሰበስብ ጓደኛ አላችሁ? ከሌላችሁ ተመስገን በሉ። የእኔው ሳምሶን ዘጠኝ አሉት። እንዲህ ያሉ ሰዎች ወታደር አይፈሩም፣ እስርም አይፈሩም፤ የሚፈሩት ብርሃንን ብቻ ነው። ፊልሙን ብርሃን ከነካው የተነሳው ፎቶ ሁሉ ይቃጠላላ! ታዲያ ብርሃን የሚፈራ ሰው ጅቡቲ ምን ይሠራል? እኔ ደግሞ ሁሉንም እፈራለሁ። "ዶራሌ ወደብ መንገድ ላይ ካሜራ አታውጣ" ብዬ ለምኜው ነበር። የኮንቴይነር መኪኖቹን ገና አንድ ጊዜ እንዳነሳ፣ የወደቡ ጥበቃ ወታደር በሶማሊኛ "ዋርያ! አንተ!" ብሎ ጮኸብን።

"ፎቶውን አጥፋው!" አለ በፈረንሳይኛ።

"አይጠፋም ጌታዬ፣ ፊልም ነው" አለ ሳምሶን።

"እንግዲያው ክፈተው።"

ሳምሶን ካሜራውን ደረቱ ላይ አቀፈው። እዚያ ውስጥ እናቱ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ እምቢ ያሉት እትዬ አበበች፣ ትናንት ካርቲየ 6 ሰፈር፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው "በል እሺ፣ አንዴ ብቻ" ብለውታል።

"እሰሩኝ እንጂ አልከፍትም!"

የወታደሩ ፊት ተለወጠ። ሰው ከመክፈት ይልቅ መታሰር የሚመርጥለት ሳጥን ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል? ወደ ኋላ እያፈገፈገ ጠመንጃውን አቀባበለ። እውነቱን ልናገርና እኔም ካሜራውን ተጠራጠርኩት።

"አንተ! ጓደኛው! አንተ ክፈተው!"

ከሳምሶን እጅ ነጠቅኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ክዳኑን ከፈትኩ። የቀትሩ ፀሐይ ዘው ብላ ገባች።

ወታደሩ ቀረብ ብሎ አጎንብሶ አየና በእፎይታ ሳቀ። "ምንም የለውም እኮ!"

"አሁንማ ምንም የለውም" አለ ሳምሶን።