የሻምበል ናሆም ጥሩር

ስለ መጪው ዘመን በሚጽፉ ሰዎች ላይ የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። የዛሬ ሺህ ዓመት የሚኖረውን ሰው ምግብ በአንዲት ክኒን ይገላገሉታል። ቤቱን፣ ትዳሩን፣ ጎረቤቱን በሁለት አረፍተ ነገር ዘለው ያልፉታል። የወታደሩ ልብስ ላይ ሲደርሱ ግን ሰከን ይላሉ፤ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ያስጠጋሉ። ልብሱ ብረት ይሆናል፣ ብረቱ ሞተር ይገጠምለታል፣ ሞተሩ ክንፍ ያበቅላል፤ ሰውየው ራሱ የት እንደገባ እስኪጠፋችሁ ድረስ ይደራረብበታል። እኔ ድሮ ይህን ጨዋታ ያልጠገቡ ወንዶች ሥራ ነው እያልኩ እስቅበት ነበር። አሁን አልስቅም። ማለቴ፣ እስቃለሁ፤ ግን ቀነስ አድርጌ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ይህ ሙያ ሐዋሳ ላይ አንድ ጣጣ አለው፤ የጻፈ ሁሉ ጽሑፉን ይዞ ቤቴ ይመጣል። አንዱ ግጥም፣ አንዱ የሠርግ ጥሪ፣ አንዱ ለአለቃው የሚያነበው የመሸኛ ንግግር ይዞ ይመጣል፤ ማቴዎስ ደግሞ ጦርነት ይዞ መጣ። ማቴዎስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል፤ ከመዝሙር ውጭ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ፀሐይ ባላት ፕላኔት ላይ የሚዋጋ ሻምበል ናሆም የሚባል ጀግና ፈጥሮ፣ ታሪኩን ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ በሚነበብ ቻናል ያወጣ ጀመር። አፉን የፈታው በሲዳሙ አፎ ስለሆነ አማርኛውን እንዳርምለት ለመነኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ጠባችን በስሙ ላይ ነበር። ሻምበሉ የሚለብሰውን ባለሞተር የብረት ልብስ ማቴዎስ «ፓወር ሱት» ይለዋል። እኔ መሳቢያዬን ፈትሼ «ጥሩር» የሚል የጥንት ቃል አወጣሁለት፤ የድሮ ጦረኞች የብረት ልብሳቸውን የሚጠሩበት ነው። ማቴዎስ ቃሉን ወደደው። አንባቢዎቹ ግን ሁለታችንንም ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ «ጃኬቱ» አሉት። ዛሬም ድረስ ጃኬቱ ነው።

የመጀመሪያው ጥሩር ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። ክብደቱ የጭነት መኪና ያህላል፤ ሞተሩ ጀርባው ላይ ተቀምጦ እንደ እህል ወፍጮ ያጓራል፤ ሻምበሉ ተደብቆ ልሂድ ቢል ጠላት ከሩቅ ሰምቶ ቁርሱን ጨርሶ ይጠብቀዋል። ከወደቀ ጓደኞቹ ተረባርበው ካላነሡት በቀር እንደ ተገለበጠ ኤሊ ተንጋሎ ይቀራል። ሻምበል ናሆም በየሳምንቱ ለሞት አንድ ሐሙስ ቀርቶት ይተርፍ ነበር። ተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ ከእኔ ትምህርት ይልቅ እሱን ያነቡ ነበር፤ አየሁ፣ ዝም አልኩ፤ አራሚው እኔ ነኛ።

ከዚያ ጥሩሩ ማደግ ጀመረ። ሁለተኛው ሲመጣ ማሞቂያ ተገጠመለት። «ሁለት ፀሐይ ባለበት አገር ማሞቂያ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅኩት። ሌሊት ይበርዳል አለኝ። ቀጥሎ እግር የሚያደርቅ ነገር መጣ፤ ካልሲውን ከውስጥ ሆኖ እያሞቀ የሚያደርቅ። ሦስተኛው ጥሩር ምግብ ያበላ ጀመር። ክኒን መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ትኩስ የቆጮ ቡርሳሜ ነው፣ ቅቤው ያልተቆጠበ፣ በቱቦ እየመጣ አፉ ድረስ የሚደርስ። አራተኛው ላይ ጥይት አይበሳውም፣ እሳት አያቃጥለውም፣ ቁስል ቢያገኘው ራሱ ያክማል፤ ጠዋት ደግሞ ቀስ ብሎ ቀስቅሶ ጸሎትህን አድርግ ይለዋል። በዚህ ጊዜ አንባቢዎች እየቀነሱ መጡ። አንዱ ተማሪ ከታች፣ ይሄ የጦር ልብስ ሳይሆን ሞግዚት ነው ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀን ማቴዎስን ሐይቅ ዳር ዓሣ ልጋብዝህ ብዬ ወሰድኩት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው ከአጥሩ ወዲያ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ተሰልፈው ቆመዋል። እኔም የአስተማሪነት ድምፄን አውጥቼ፣ የማይሞት ጀግና አንባቢ እንደማያስጨንቅ፣ የማያስጨንቅ ታሪክም እንደማይነበብ አብራራሁለት። ጥሩሩ አንድ ቦታ መበሳት አለበት አልኩት። ጥሩ አስተያየት ነበር፤ አሁንም እቆምለታለሁ።

ማቴዎስ የዓሣውን እሾህ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደረና፣ «እናቴ ትሰማዋለች» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታሪኩ የሚባል ታናሽ ወንድሙ ወታደር ነው። ስልክ ወደማይሠራበት ቦታ ከተመደበ ወዲህ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። እናታቸው እማማ አስቴር ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ነው የሚኖሩት። ማቴዎስ ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጡ ሲከብደው የሳምንቱን ታሪክ በሲዳሙ አፎ እያዞረ ያነብላቸው ጀመር፤ ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል። እማማ አስቴር ጸጥ ብለው ሰሙና ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ይሄ ብረት ብርድ አያስገባም ወይ? በሚቀጥለው ጊዜ እግሩ ሲረጥብ ምን ያደርጋል አሉ። ቀጥሎ ምን ይበላል አሉ።

ማቴዎስ ይህን ሲነግረኝ አላየኝም፤ ሐይቁን ነበር የሚያየው። «ልብ ወለድ መሆኑን ታውቃለች» አለኝ። «ሲመሽ ግን እኔ የጻፍኩትን እያሰበች ነው የምትተኛው። አሁን ጥሩሩን የትኛው ቦታ ላይ ልብሳው?»

ዓሣው ቀዘቀዘ።

የሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አብሬው ቡሹሎ ሄድኩ። እማማ አስቴር ጓሮ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር የበቆሎ ቅቅል አቀረቡልን። ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴት ናቸው፤ ሰው ሲያዩ ከፊቱ ይልቅ ጫማውን ያያሉ፣ ረጥቦ እንደሆነ። ማቴዎስ አነበበላቸው። እኔ ቋንቋውን በወጉ ስለማልሰማ ፊታቸውን ነበር የማነበው። ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሩና ቀስ እያሉ በአማርኛ፣ «የምታርመው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«አንገቱን ረስታችኋል።»

እውነትም ረስተነዋል። አራት ትውልድ ጥሩር ሲሠራ፣ በራስና በትከሻ መካከል አንድ እጅ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ነበር፤ ያን ሁሉ ስናርም ሁለታችንም አላየነውም። ወደ ቤቴ ተመለስኩና፣ አንባቢ ይጨነቅ ብዬ የሰበክሁት ሰውዬ፣ ያን ሳምንት ሙሉ የብረት ኮሌታ ስቀርጽ ሰነበትኩ። ማጠፊያውን፣ መቆለፊያውን፣ ሲያዞሩት እንዳይፋቅ የውስጥ ገበሩን ሳይቀር ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት አንቀጽ የለም። አንባቢ ግን ቁጣውን ገለጸ። ደግሞ ኮሌታ፣ አሉን።

ወራት አለፉ። ሻምበል ናሆም አልሞተም፤ ቻናሉ ግን ለመሞት ተቃረበ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ማቴዎስ ደወለ። እየተቻኮለ ስለተናገረ የሰማሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ታሪኩ» እና «መናኸሪያ»። መኪናዬን አስነሥቼ፣ እናትና ልጅን ከቡሹሎ አንሥቼ ደረስኩ። አውቶብሱ ቀድሞን ገብቷል። አንድ ከሲታ ልጅ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ የአገዳ ቁራጭ እያላመጠ ቦርሳው ላይ ተቀምጧል። እንደዚያ ቀላል ሆኖ ተቀምጦ ሳየው አፈርኩ፤ ለምን እንዳፈርኩ አላውቅም። እማማ አስቴር አላለቀሱም፣ እልልም አላሉም። ሄደው ተንበረከኩና እግሮቹን ያዙ። ደረቅ ነበሩ። ከዚያ ነው ያለቀሱት።

ታሪኩ ከውትድርናው ተሰናብቶ ነበር የመጣው። የሆነውን ብዙ አያወራም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ጥሩሩ ለእሱ የተሠራ መሆኑን ሲሰማ ግን አልጋው ላይ ተጋድሞ የሻምበሉን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው። ቡርሳሜው ያለበት ላይ ሲደርስ ሳቁ እስከ ጎረቤት ተሰማ። ማቴዎስ ደግሞ እንደ ማንኛውም ደራሲ ጓጉቶ፣ የትኛው ይሻላል ብሎ ጠየቀው።

«የመጀመሪያው» አለ ታሪኩ። «ሲወድቅ የሚያነሡት ጓደኞች ነበሩት። ኋላ ላይ ብቻውን ነው።»

ማቴዎስ የዚያን ሳምንት ምንም አላወጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የአራተኛው ጥሩር ሞተር በረሃ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ሻምበል ናሆም ቡርሳሜውንም ኮሌታውንም ትቶ ወጣ፤ በሸሚዝ። አንባቢው ተመለሰ፣ ተማሪዎቼ በክፍሌ ውስጥ እንደገና ስልካቸው ላይ አንገታቸውን ደፉ። እማማ አስቴር፣ ማቴዎስ እንደነገረኝ፣ ካሁን በኋላ የሻምበሉን ታሪክ መስማት አይፈልጉም። ሥራ አለብኝ ይላሉ። እውነተኛው ልጃቸው ቤት ስላለ የልብ ወለዱ ወታደር ቢበርደው አይገዳቸውም።

አሁን ታሪኩ ሞተር ሳይክል ይዞ ከምግብ ቤቶች ምግብ ያደርሳል። ማቴዎስ ከደሞዙ ቆጥቦ ጥሩ ሄልሜት ገዛለት፤ ውስጡ ስፖንጅ ያለው፣ መስተዋቱ የሚነሣ። እንዲያደርገው እናቱ ለመኑት፣ እኔም በአቅሜ ተናገርኩት። ይሞቃል አለን። ፀጉሬንም ይጨፈልቀዋል አለን።

ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ ዳር ስወጣ ከኋላዬ አንድ ሞተር ጥሩምባውን እየነፋ ሽው ብሎ አለፈኝ። ታሪኩ ነው፤ ፀጉሩ በነፋሱ ተበጥሮ፣ ሄልሜቱ ክርኑ ላይ ተንጠልጥሎ። ሲያየኝ በዚያው ክንዱ ሰላም አለኝ።

ክርኑ ምንም አይሆንም። ለክርኑ አልሰጋም።