በመዝሙሬ የምትነዳዋ እህት

መዝሙር ሲጀመር አንገቷን ደፍታ እስኪያልቅ ቀና የማትል እህት በእናንተ ዘንድ የለችም? በእኛ ዘንድ አለች። ዘነበች ትባላለች፤ እዚህ ዓረብ አገር፣ ዳቡቅ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ በታክሲ እኛ ሰፈር ማርካ ድረስ መጥታ፣ ለጸሎት በተከራየናት ክፍል የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። መዝሙር የምመራው እኔ ነኝ። ስንቱን «እንደ ዘነበች ተመሰጡ!» እያልኩ ገሥጫለሁ መሰላችሁ!

ባለፈው ዓርብ እየዘመርኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ዘነበች በሻርፗ ሥር ስልኳን ይዛ የመኪና ውድድር ጌም ትጫወታለች።

ሌሎቹ ሲቀበሉኝ ጎንበስ ብዬ «ምን ጉድ ነው?» አልኳት።

«እህቴ፣ አትፍረጂብኝ። ቤት ከማዳም ልጆች ጋር ስጫወት፣ እነሱ በሚከፍቱት ዘፈን ሁሌም መጨረሻ ነኝ። በአንቺ መዝሙር ግን የመኪናው መሪ ይታዘዝልኛል።»

ይህን የሰማች ዘማሪ ምን ማድረግ ነበረባት? ስልኩን መቀማት? መቆጣት? ያሳፍራል፣ ግን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። የትኛው መዝሙር ይበልጥ እንደሚያፈጥናት ልጠይቃት ሁሉ ቃጣኝ።

መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል እጄን ያዘችኝ። «ያላ፣ አንዴ ድገሚው፤ ልቀድም ነው!»

ደገምኩት። ዓይኔን ስልኳ ላይ ተክዬ፣ ኩርባው ላይ ድምፄን ከፍ፣ ቀጥታው መንገድ ላይ ፈጠን አደረግኩ። አንደኛ ወጣች። እኔም ሳላስበው ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ።

ቀና ስል ክፍሉ በሙሉ ያለቅሳል። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት እናት እንባቸውን እየጠረጉ መጥተው አቀፉኝ።

«ልጄ፣ እንዲህ ከልብሽ ስትዘምሪ አይቼሽ አላውቅም» አሉኝ።

እውነታቸውን እኮ ነው።