የጨመርኩለት ሁለት ዓመት

ደግ ሥራ እንደ ሠራ ሰው አሰልቺ ፍጡር የለም። ክፉ የሠራ ቢያንስ ይደበቃል፤ ደግ የሠራ ግን ያወራል። እኔም ዓርብ ገበያ ላይ በተቀመጥኩበት ሁሉ ስለ ጌትነት ሳወራ ኖሬያለሁ። ያንን ልጅ ማን ትምህርት ቤት እንዳስገባው ታውቃላችሁ ወይ እላለሁ። የሚጠይቀኝ የለም፤ እኔ ግን እመልሳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንደኛ ክፍል መዝጋቢ መምህር ነበርኩ። ያኔ የልደት ካርድ ይዞ የሚመጣ ማን አለ? ካርዳችን ጆሮ ነበር። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ ካልነካ ወደ ቤቱ። አትሳቁ፤ ስንቱ ዶክተር በዚህ ፈተና አልፏል! የመሪጌታ ልሳነወርቅ ልጅ ጌትነት ገና አምስት ዓመቱ ነበርና እጁ ከጆሮው ሦስት ጣት ያህል ቀረ። ግን ምን ያደርጋል፣ አባቱ ፊደል አስቆጥረውት ዳዊት ጀምሯል! ጆሯቸውን እንደ ልብ የሚጎትቱት እነዚያ ጎረምሶች ደግሞ "ሀ"ን ከ"ለ" አይለዩም። አንጀቴ አልቻለም። ሰባት ብዬ ጻፍኩ፤ ያውም በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያ በምኮራበት የእጅ ጽሕፈቴ።

ልጁ አላሳፈረኝም። ትምህርት ተቋርጦ ሁለት ዓመት ቢባክንበትም በምሕንድስና ተመረቀ። ኅዳር ላይ ስልኩን ይዞ እየሮጠ ቤቴ መጣ። አንድ አየር መንገድ የአብራሪ ሠልጣኞችን ይፈልጋል። ሥልጠናው በነጻ፣ እየሠለጠኑ ደመወዝ፣ ሲጨርሱ ሥራ፣ ለወላጅ ደግሞ የቅናሽ ትኬት። መሪጌታ ከዚህ ሁሉ የሰሙት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ኢየሩሳሌም ያደርሳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንዴታ፣ ያደርሳል አልኳቸው፤ አየር መንገዱ የአባቴ ይመስል።

ከታች ግን አንዲት መስመር ነበረች፤ ዕድሜ ከሃያ አምስት ያልበለጠ። ጌትነት ሃያ አራት ነው። በወረቀት ሃያ ስድስት። እንዴት ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም፤ መስመሯን በጣቱ አሳየኝ። እኔም ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ማስታወቂያው ለሁሉም እኩል ዕድል ይላል። እውነቱን ነው። ሆስፒታል ተወልዶ ሰዓቱና ደቂቃው የተመዘገበለትም፣ በእኔ እስክሪብቶ የተወለደውም በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ይሄ እኩልነት እንዴት እንደሚያናድደኝ! ግን ማንን ልክሰስ? ሕጉን ያወጣው ሰው እኔን አያውቀኝም፤ እኔ ነኝ እሱን ሳላውቅ ጌትነትን ያስረጀሁት።

ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ ነው። ሰኞ ጠዋት ሦስታችን፣ መሪጌታ፣ ጌትነትና እኔ፣ የልደት ምዝገባ ቢሮ ሄድን። ጸሐፊዋ የድሮ ተማሪዬ ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያኔ ዋሽቻለሁ ብዬ ተናዘዝኩ። አፍራ መሬት መሬት አየች። ከዚያ በሙሉ አክብሮት፣ መምህር፣ ያኔ ከዋሹ ዛሬ እውነት መናገርዎን በምን ላረጋግጥ አለችኝ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ይሄኔ መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካክለው ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡ። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በራሳቸው ቀለም፣ በግእዝ የልጃቸውን ልደት ጽፈዋል፤ "ተወልደ ወልድየ በዘመነ ማርቆስ፣ አመ ፳ወ፯ ለጥቅምት" ይላል። ልጄ በማርቆስ ዘመን፣ ጥቅምት ሃያ ሰባት ተወለደ ማለት ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የመድኃኔ ዓለም ዕለት! ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ጸሐፊዋ አነበበች፣ ደግማ አነበበች። የትኛው ማርቆስ ነው አለች።

ለካ መሪጌታ ዓመተ ምሕረቱን አልጻፉም። ማርቆስ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገንና፣ ከማቴዎስ፣ ከሉቃስና ከዮሐንስ ጋር እየተፈራረቀ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። በጣቷ ቆጠረች። በዳዊቱ መሠረት ልጁ ወይ ሃያ አራት ነው፣ ወይ ሃያ ስምንት። እኔ ሁለት ዓመት ብጨምርበት ዳዊቱ ሌላ ሁለት ሊጨምርበት ነው! መሪጌታ ላብ በላብ ሆኑ። የዘመን ስሌቱን ባሕረ ሐሳብ በቃላቸው የሚያወርዱ ሊቅ፣ ዓመቱንማ ማን ይረሳዋል ብዬ ነው እንጂ አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ፍርድ ቤት ሄድን። ሦስት ምስክር፣ የሐኪም የዕድሜ ግምት፣ ከዚያ ውሳኔ። ቀጠሮው ለሌላው ሳምንት ረቡዕ ተሰጠን። ዳኛውን ለመንኩ፤ አውሮፕላኑ ዓርብ ያመልጠዋል አልኩ። ተራውን የሚጠብቅ ባለጉዳይ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ማልቀስ ነው የቀረኝ።

ዓርብ መጣና ሄደ። ውሳኔውም በቀጠሮው ወጣ፤ ጌትነት በሕግ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። መሪጌታ አንዲት ክፉ ቃል አልተነፈሱም። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጌትነትን ደጀ ሰላሙ ላይ ያዝኩትና ይቅርታ ጠየቅሁት። ያን ቀን ቤቴ ወንበር ላይ ሆኜ ያሰብኩትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ዕድልህን የበላሁት እኔ ነኝ አልኩት። ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ይተዉት መምህር፣ ማስታወቂያው ላይ እኮ የቁመት መስፈርትም ነበረበት፣ ለሱም አልደርስም ነበር፣ በእርስዎ አይደለም የቀረሁት አለኝ።

አመንኩት፤ ደስም አለኝ። ቤቴ ደርሼ አንገቴን ሲያመኝ ነው፣ ሲያጽናናኝ የቆየውን ልጅ ሽቅብ አንጋጥጬ ሳየው እንደነበር ልብ ያልኩት።